ጋሽ ደምሴ በቻይና

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ከምሳ ስመለስ ደረጃው ሥር ሰው ተሰብስቦ አየሁና የደረጃ ዕድገት የወጣ መስሎኝ ተጋፍቼ ገባሁ። «በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት የቀድሞ ባልደረባችን አቶ ደምሴ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ...» ይላል። ወረቀቱ ቁጥር የለውም። ቀንም የለውም። ማኅተሙ ግማሹ ወረቀቱ ላይ አርፏል፤ ግማሹ ምናልባት ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ጋሽ ደምሴ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ማስታወቂያ አይቀበሉትም ነበር። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «ሰውዬው በስንት ቁጥር ነው የሞተው?» ብለው ይመልሱት ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። አጠገቤ የቆመችው የፋይናንስ ልጅ ገላመጠችኝ። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አለቀስኩ። ሰውዬውን በድያቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የበደልኩትን በደል በሚገርም መንገድ ነው ያስከፈሉኝ።

መሥሪያ ቤታችን ልደታ ነው፤ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወደ ሰንጋ ተራ ሲወጡ ካሉት ሕንፃዎች አንዱ። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁት ደብዳቤ ይጻፍብኛል። መዝገብ ቤቱ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ፋይሎቹ ከሁላችንም በፊት ይረጥባሉ። ጋሽ ደምሴ እዚያ ውስጥ፣ ግራጫ ጋወን ለብሰው፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክተው፣ የሚገባውንም የሚወጣውንም ደብዳቤ ይመዘግባሉ። የቀኝ አውራ ጣታቸው በማኅተም ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። «ያልተመዘገበ ነገር አልተደረገም» የሚሉት አባባል ነበራቸው። አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በስልክ ትእዛዝ ቢሰጧቸው «ጌታዬ፣ ጆሮዬ ላይ ማኅተም አያርፍም፤ በጽሑፍ ይላኩልኝ» ብለው ዘጉባቸው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ በሳቸው ግን ያምራል።

እኔ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። ጋሽ ደምሴ «ጋዜጠኛው» ነበር የሚሉኝ፤ ሙገሳ አልነበረም። ጠዋት በር ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦

«ዛሬስ ምን ልትዋሽልን ነው?»

«ገና ነው ጋሼ፤ አልተመራልኝም።»

ይስቃሉ። እንዲህ እየተባባልን ስድስት ዓመት ተጎራበትን።

ጋሽ ደምሴ አንድ በሽታ ነበራቸው፤ መንገድ። በየዓመቱ ከቻይና «ዘመናዊ የመዝገብ አያያዝ» የሚባል የሥልጠና ግብዣ ይመጣል። ደብዳቤው የሚገባው በሳቸው እጅ ነው፤ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ ስለ መዝገብ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ ሌላ ሰው ይላካል። በመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላ አገልግሎት አንዲት ሴት ሄደች፤ ጫማ መምረጥ ሠልጥና መጣች። በሁለተኛው አንድ የግዥ ባለሙያ ሄደ፤ ሲመለስ ስለ ሥልጠናው ሲጠየቅ «አየሩ ከባድ ነው» አለ። በሦስተኛው የሄደው ልጅ ጭራሽ አልተመለሰም። «እሱ እንኳ ሠልጥኗል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሦስቱንም ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርደው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ሱፉን ተኩሰው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ መልሰው ሰቀሉት። የሚኖሩት እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ኮሪደር ደግሞ ሻንጣ ሲወርድም ሲወጣም ሰው ያያል። በሦስተኛው ዓመት ጎረቤቶች ተሰብስበው ስለ መንገዱ ሲጠይቁ፣ እትዬ ዘነበች «ተዉት እባካችሁ፤ ደምሴ ከልደታ የሚወጣው ሰው ተሸክሞት ነው» አሉ። ቀልዳቸውን ነው። ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ደምሴም ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር፤ ግን አምስት ጊዜ ነገሩኝ።

በአራተኛው ዓመት ጉድ ተፈጠረ። ስማቸው ያለበት፣ የተፈረመበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ወጣ። ሦስት ኮፒ አደረጉት፤ አንዱን ለግል ማኅደራቸው፣ አንዱን ለቤት፣ አንዱን ለደረት ኪሳቸው። ያን ቀን እትዬ ዘነበችን ወንበር ላይ አስቀምጠው ደብዳቤውን ከነግልባጩ አነበቡላቸው።

ከዚያ ዝግጅት ተጀመረ። ቋንቋውን መሰላችሁ? ኧረ ወዲያ! የዝግጅቱ ርዕስ ምግብ ነበር። «አንድ ሰው በሰው አገር የሚዋረደው በምን እንደሆነ ታውቃለህ? በገበታ ነው» አሉኝ። «አፉን የማያውቅ እንግዳ አገሩን ያሰድባል።» ከመሥሪያ ቤታችን አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ አንድ የቻይና ምግብ ቤት አለ፤ አካባቢው ላይ ሕንፃ ለሚሠሩ ቻይናዎች ብሎ የተከፈተ። የፕላስቲክ ወንበር፣ ዘይት የጠገበ የጠረጴዛ ልብስ፣ በያንዳንዱ ጠረጴዛ መሐል ምድጃ፣ ምድጃው ላይ የሚንተከተክ ድስት። ሆት ፖት ይሉታል። ምሳ ሰዓት ላይ «ተነስ ጋዜጠኛው፤ ቻይና እንሂድ» አሉና ይዘውኝ ሄዱ።

ያስተናገደችን ትዕግሥት የምትባል የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ከወጥ ቤቱ ጋር በቻይንኛ እየጮኸች፣ ከኛ ጋር በአማርኛ እየሳቀች። ድስቱ መሐሉ ላይ በብረት ለሁለት ተከፍሏል። ባንዱ በኩል ነጭ መረቅ አለ፤ በሌላው በኩል ደግሞ ቀይ ዘይት ላይ ዛላ በርበሬ እንዳለ ተንሳፍፏል። ቀጥሎ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ፣ ጎመን፣ እንጉዳይ፣ ድንች በየሳህኑ ደረደረች።

«ይሄ ጥሬ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አዎ ጋሼ፤ እዚህ ውስጥ ነክረው ያበስሉታል።»

«ማ ነው የሚያበስለው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

ትዕግሥት ሳቀች። እሳቸው ግን አልጨረሱም። ሥጋውን በጥርጣሬ እያዩ «የምን ሥጋ ነው?» አሉ። የበሬ ነው፣ ከቄራ የመጣ ነው አለቻቸው። «ማኅተም አለው?» አላት ስትላቸው ተነስተው ወጥ ቤት ገቡ። የተሰቀለውን ሥጋ ዙሪያውን አይተው፣ ሰማያዊውን የቄራ ማኅተም አገኙት። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር። «የኛ መሥሪያ ቤት እንኳ እንዲህ አጥርቶ አይመታም» አሉ።

ቀጥሎ የመጣው ጥፋት የኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ነው። ፊቱ የሚንተከተክ ቀይ ነገር ያየ አበሻ ወጥ ነው ብሎ ያምናል። ጋሽ ደምሴም ማንኪያ አንስተው ከቀዩ ሞልተው ጠጡት። «ጋሼ፣ አይጠጣም! መቀቀያ ነው!» ብላ ትዕግሥት ስትደርስ አልፏል። ጋሽ ደምሴ አላሳሉም። ቻይና ፊት ማሳል አይታሰብም፤ በበርበሬ ያደገ ሰው በበርበሬ ሊሸነፍ! አንገታቸው ቀላ፣ ጆሯቸው ቀላ፣ ከሁለቱም ዓይናቸው እንባ ወረደ። ማንኪያውን በቀስታ አስቀመጡና «ትንሽ ጨው ያንሰዋል» አሉ። ከአፍታ በኋላ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከንፈሬ ቦታው ላይ አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በርበሬው ውስጥ አፍ የሚያደነዝዝ ቅመም እንዳለ የነገረን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ሄድን። ረቡዕ የሄድን እንደሆነ ጋሽ ደምሴ ድስቱን በዓይናቸው ያካልሉታል፤ «ከብረቱ ወዲህ ጾም ነው፣ ከብረቱ ወዲያ ፍስክ፤ ጭልፋ ድንበር አያልፍም» ይሉና ፍስኩን ለኔ ይተዉልኛል። ቾፕስቲኩን፣ ቻይናዎቹ የሚበሉበትን እንጨት፣ ትዕግሥትን ለምነው ወስደው መዝገብ ቤት ውስጥ ይለማመዱበት ጀመር። በመጀመሪያ ድንች፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ በመጨረሻ ቆሎ። ደብዳቤ ሊያስመዘግብ የሚገባ ሰው፣ ጋሽ ደምሴ ቆሎ በእንጨት አንድ ባንድ ሲለቅሙ ቆሞ ይጠብቃል። «የቻይና አመጋገብ» የሚል ፋይል ከነቁጥሩ ከፈቱ። ቅጠሉ ከሥጋው በፊት እንደማይገባ፣ እንጨቱ ምግብ ላይ ቆሞ እንደማይተከል፣ ያስተናገደ ሰው ሳይጀምር እንደማይጀመር፣ ሁሉም እዚያ አለ። ምንጩ ትዕግሥት ናት። ግማሹን የፈጠረችው እሷ ትሆናለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሊሄዱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ሰኞ ዕለት ኃላፊው አስጠሩኝ። «አቶ ደምሴ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ነው የቀራቸው። ሠልጥነው ማንን ያገለግላሉ? ወጣት ሰው ቢሄድ ይሻላል ብለን አንተን አስበናል» አሉኝ። ስለ መዝገብ አያያዝ የማውቀው መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት መሆኑን ብቻ ነው። ይህን ልል እችል ነበር። «እንዳሉ» አልኩ።

ሦስት ቀን አውቄ ዝም አልኩ። ሦስቱንም ቀን በር ላይ «ዛሬስ ምን ልትዋሽልን ነው?» ሲሉኝ ስቄ አለፍኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም አይደል የሚባለው? እንጃ፤ የኔ አፍ ውስጥ ግን የገባ ነገር ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ደምሴ አራተኛ ፎቅ ቢሮዬ ድረስ በእግራቸው መጡ። ደብዳቤ የምታደርሰው ተላላኪ ናት፤ እሳቸው ለደብዳቤ ብለው ከምድር ቤት ወጥተው አያውቁም። የደብዳቤ መረከቢያ ደብተሩን በብብታቸው ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉትና አንዱን መስመር በሰማያዊ አውራ ጣታቸው ጠቆሙኝ። በዚያ የታወቀ የእጅ ጽሕፈታቸው «በአቶ ደምሴ ምትክ» ብለው፣ ስሜን ሳያጠፉ ሳይሰርዙ አስተካክለው መዝግበውታል። የወጪውን ቁጥር የሰጡት እሳቸው፤ ማኅተሙን የመቱት እሳቸው።

«ፈርም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ደብዳቤ ወጪ ሆኖ ካልተፈረመለት እኔ ነኝ የምጠየቀው። እስክሪብቶ የለህም?»

ከደረት ኪሳቸው አንዷን ነቅለው ሰጡኝ። ኪሱ ውስጥ የታጠፈው ኮፒ ብቅ ብሎ ይታያል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ይህን ደብዳቤ መልሱት፣ እኔ አልሄድም ማለት ነበረብኝ። ቻይናን ማየት ፈለግሁ፤ ይኸው ነው። ፈረምኩ። አፈርኩም፤ ግን ፈርሜ ነው ያፈርኩት።

ደብተሩን አጠፉና ሳይሄዱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጋወናቸውን አስተካከሉ።

«ለዘነበች አልነገርኳትም» አሉ። «እሑድ ጎረቤቱ ሊመርቀኝ ይመጣል። ዳቦ ሊደፋ ነው። ያነበብኩላት ደብዳቤ እኮ ማኅተም አለው። ማኅተም ያለው ነገር ተሻረ ብዬ በምን አፌ ልንገራት? ዘንድሮም ሻንጣውን ልስቀለው?»

እስክሪብቶውን መለስኩላቸው።

«አልነግራትም» አሉ። «እሄዳለሁ።»

«የት ጋሼ?»

«ደብረ ዘይት፣ እህቴ ጋ። የዓመት ፈቃዴን ሞልቻለሁ። አንተ እዚያ ትበላለህ፣ እኔ እዚህ እተርካለሁ። ያየኸውን ሁሉ ትነግረኛለህ፤ ፎቶ ትልካለህ፤ አንድ ነገር አትደብቀኝም። እስካፍንጫህ ዕዳ አለብህ፤ ዕዳህን በዚህ ትከፍላለህ።»

አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይሄ ነው። ተስማማሁ። ሰውዬው በዚያው ምሳ ሰዓት ትዕግሥት ጋ ወስደው የመጨረሻ ፈተና ፈተኑኝ። ከአሥር ቆሎ ሰባቱን በእንጨቱ አነሳሁ። «ልታዋርደኝ ነው» አሉ። «በኔ ቦታ የሄደ ሰው ቆሎ ሲጥል!» ደግሞ አስጀመሩኝ።

እሑድ ተመረቁ። ሰኞ የኮንዶሚኒየሙ ሴቶች በኮሪደር ተሰልፈው ሸኟቸው። ኤርፖርት ካልሸኘን ያሉትን «ከበሩ ወዲያ አያስገቡም፤ ለምን ትጉላላላችሁ?» ብለው መለሱ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን ታክሲ ላይ ጭነው ወጡ። እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ የቦሌውም የደብረ ዘይቱም መንገድ አንድ ነው፤ ከዚያ እሳቸው በሳቸው፣ እኔ በኔ።

ስለ ሥልጠናው የምነግራችሁ ብዙ የለኝም። አየሩ ከባድ ነው። ቼንግዱ የሚባል ከተማ ውስጥ ሆቴል አስገብተውን ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ፓስታ ያበሉናል፤ እንግዳ እንዳይከፋው ብለው። ጋሽ ደምሴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይደውላሉ። ቻይናዎቹ የሚጠቀሙበትን የስልክ መተግበሪያ ትዕግሥት ጭናላቸዋለች። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዛሬ ምን በላን?» ነው። ምን በላህ ብለው አያውቁም። ፓስታ ስላቸው ይናደዳሉ። «ለፓስታ ነው እንዴ ቻይና ድረስ የሄድነው? ፓስታ ፒያሳም አለ! ውጣና ብላ!»

በአምስተኛው ቀን ወጣሁ። ከሆቴሉ ጀርባ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ እንፋሎት የሞላበት ትንሽ ምግብ ቤት አገኘሁ፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ ዘይት የጠገበ የጠረጴዛ ልብስ፣ በካናቴራ የተቀመጡ ሽማግሌዎች። እኔ ዘንድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ እሳቸው ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ስልኬን የሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፌ ደወልኩ። ጋሽ ደምሴ ብቅ አሉ፤ ሱፍ ከነክራቫታቸው። ከኋላቸው የእህታቸው ዶሮዎች ይጭራሉ።

«ጋሼ፣ ሱፉ ለምንድን ነው?»

«ሥልጠና ላይ አይደለንም እንዴ? ድስቱን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው።

«ቀዩን ነው ያዘዝከው?»

«ሁለቱንም።»

«ነጩ ለበሽተኛ ነው። ተወው። ሥጋውን ንከር... ቆይ፣ ሁሉንም አትዘፍዝፈው፣ ልብስ ልታጥብ ነው እንዴ? አንድ ባንድ! ቁጠር። አሁን አውጣው። አሁን! ጠነከረብህ።»

ምግብ ቤቱ በሙሉ ወደኔ ዞሯል። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ስልኩን አዩ። ጋሽ ደምሴ ከትዕግሥት የተማሯትን ሰላምታ ከደብረ ዘይት ጮኸው አቀረቡ። ምን እንዳሉ እግዜር ይወቀው፤ ሽማግሌው ግን እስኪያስላቸው ሳቁና ብርጭቆ አነሱላቸው። ከራሳቸው ድስት አንድ ቁራጭ ሥጋ በእንጨታቸው አንስተውም ሳህኔ ላይ አኖሩልኝ።

«አየህ!» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከወንበራቸው ሊነሱ እየቃጣቸው። «አጎረሰህ እኮ! አፍህ ድረስ አልመጣም እንጂ ጉርሻ ነው። ብላው፣ ብላው።»

በላሁት። ላቤ በጀርባዬ ወረደ፤ ከንፈሬ ጠፋ።

«እሺ፣ እንዴት ነው? ከትዕግሥት ይበልጣል?»

ልዋሽላቸው አስቤ ነበር፤ ሙያዬም ነው። ግን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አንድ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ድስቱ፣ ወንበሩ፣ በርበሬው። የልደታውና ይሄ አንድ ነው።»

ከኋላቸው አንዷ ዶሮ ጮኸች።

«እንግዲያውስ እኔ ስንቴ ተመላልሻለሁ» አሉ።

ሥልጠናው ሲያልቅ በአንድ ቀን «ተመለስን»። ሻይ ቅጠል፣ ፔርሙስና ለእትዬ ዘነበች ቀይ ሻርፕ ገዝቼላቸው ነበር፤ እስታዲየም አካባቢ ተገናኝተን ዕቃውን ወደ ሻንጣቸው ገለበጥን። ለሦስት ሳምንት ያህል የኮንዶሚኒየሙ ሰው ስለ ቻይና ሲሰማ ከረመ። አንድ ቀን ለሰላምታ ጎራ ብል፣ ካናቴራ ስለለበሱት ሽማግሌ እየተረኩ ደረስኩ። በሳቸው ትረካ ሽማግሌው የቀድሞ የመዝገብ ሠራተኛ ሆነዋል፤ ሲለያዩም ተቃቅፈዋል። ከኔ ታሪክ የሳቸው ይበልጥ ነበር። እትዬ ዘነበች ሻርፑን እንደለበሱ ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከኔ ላይ አልነቀሉም።

«አሁንስ አማረኝ» አሉ በመጨረሻ። «እዚሁ ሠፈራችን ውስጥ የቻይና ቤት አለ ይባላል። ያን የበላኸውን አብላኝ። ይሄም ልጅ ይምጣ።»

ቅዳሜ ምሳ ሄድን። ትዕግሥትን ጋሽ ደምሴ አስቀድመው አስጠንቅቀዋታል፤ ውሾን ያነሳ ውሾ ተባብለዋል። ልጅቷም እንደማታውቃቸው ሆና «እንኳን ደህና መጡ፤ ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?» ስትላቸው ሳቄን ለመዋጥ ውኃ ጠጣሁ። ጋሽ ደምሴ ድስቱን ተረከቡ። ቀዩ የቱ እንደሆነ፣ ለምን እንደማይጠጣ፣ ሥጋው እስከ ስንት እየተቆጠረ እንደሚወጣ እያስረዱ፣ እንጨቱን በሁለት ጣታቸው አሳምረው ያዙ። እኔ ቼንግዱ ውስጥ እንዲህ የሚይዝ አላየሁም።

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ሲመለከቱ ቆዩ።

«አውሮፕላኑ ላይ ምን አበሉህ?» አሉ ድንገት።

የጋሽ ደምሴ እንጨት አየር ላይ ቀረ። ሁሉን ነግሬያቸው ነበር፤ ሆቴሉን፣ መንገዱን፣ የአስተማሪዎቹን ጫማ ሳይቀር። አውሮፕላኑን ረሳሁት። ሰውዬው በሕይወታቸው አውሮፕላን ገብተው አያውቁም። ወደኔ ዞሩ።

«ዶሮ ወይ ፓስታ ነው የሚሰጡት፤ ማለቴ...» አልኩ።

«አንተን አልጠየቅኩህም» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ተኝቼ ነበር» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«አሥር ሰዓት ሙሉ?»

«ደክሞኝ ነበር፣ ዘነበች።»

ድስቱ ብቻ ይንተከተካል። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ኃላፊ ፊት ፈርቼ አላውቅም። ለኔ አልነበረም የፈራሁት። እኒህ ሰው ያን ሁሉ የደከሙት እኒህ ሴት ፊት እንዳያፍሩ ነው፤ ያሳፈርኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

እትዬ ዘነበች ተነስተው እጃቸውን ታጥበው መጡ። የተዘረጋላቸውን እንጨት ወደ ጎን ገፉት። ጋሽ ደምሴ ሳህኑ ላይ ካወጡት ሥጋ አንዱን በጣታቸው አንስተው፣ በድንች ደግፈው ወደኔ ዘረጉ።

«እንኳን ለአገርህ አበቃህ፣ ልጄ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምን አደርጋለሁ?

ሁለተኛውን ከሌላ ሳህን አንስተው ጠቀለሉ። ከበፊቱ ተለቅ ያለ ነው። ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ።

«አንተም ከእህትህ ቤት እንኳን በሰላም ተመለስክ።»

ጋሽ ደምሴ አልተንቀሳቀሱም። እትዬ ዘነበች እጃቸውን አላወረዱም።

«በሄድክ በሳምንቱ ነው እህትህ የደወለችልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውዬው ሱፍ ለብሶ ዶሮ መሐል ተቀምጦ ያወራል፣ ጠበል ልውሰደው ወይ አለችኝ። ተይው፣ ቻይና ነው አልኳት። ጎረቤቱም ቻይና እንደነበርክ ያውቃል፤ እንደዚያው ያውቃል። ከልደታ ስለ መውጣትህ ያልኩትን ያን ቃል ሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም፣ ደምሴ። ባልናገረው ይሄን ሁሉ አትደክምም ነበር። በል እጄ ደከመ።»

ጋሽ ደምሴ ወደኔም ወደ ትዕግሥትም አላዩም። መነጽራቸውን አወለቁና አፋቸውን ከፈቱ። ረጅም ጊዜ አኘኩ። ከጎናቸው የቆመችው ትዕግሥት ውኃ ይዛ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ዋጡት።

«ጥሬ ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዋጥከው?»

«ጉርሻ ይተፋል እንዴ?»